የመጠለያ ድመቶች ለምን ይታመማሉ? ከመድኃኒት በፊት ስለ ቦታና ስለ ቆይታ

በብዙ የእንስሳት መጠለያዎች የድመቶቹ ክፍል በር ሲከፈት ቀድሞ የሚሰማው ድምፅ ማስነጠስ ነው። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ፣ አፍንጫቸው የተደፈነ፣ ምግባቸውን አሽትተው የሚተዉ ድመቶች በየኬጁ ተኮራምተው ይታያሉ፤ ሠራተኞቹም ከልምድ ብዛት የተነሳ ይህን የክፍሉ ጠባይ አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ የዓይን ጠብታና እንክብል ማደል እንደ ምግብና ውኃ የዕለት ሥራ ይሆናል። በበጎ ፈቃደኝነት በመጠለያ ሳገለግል ካየሁትና ስለ ጉዳዩ ካነበብሁት ተነስቼ የደረስሁበት እምነት የሚከተለው ነው፦ የመጠለያ ድመት በአብዛኛው የምትታመመው የሚያዝንላት ሰው ወይም መድኃኒት አጥታ ሳይሆን፣ መሸሸጊያ በሌለው ጠባብ ቦታ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ ስለምትቆይ ነው።

የማስነጠሱ ዋነኛ ምክንያቶች ሁለት ቫይረሶች ናቸው፤ የድመት ሄርፐስ ቫይረስና ካሊሲ ቫይረስ። ሄርፐሱ አንድ ጊዜ ከገባ ከሰውነት ጨርሶ አይወጣም፤ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ይቀመጥና ድመቷ ስትጨነቅ ይቀሰቀሳል። ብዙ ድመቶች ገና በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ስለሚወርሱት፣ ጤነኛ መስላ ወደ መጠለያ የምትገባ ድመት በሽታውን ይዛው መምጣቷ የተለመደ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። ቫይረሱ በምራቅ፣ በእንባና በአፍንጫ ፈሳሽ መውጣት የሚጀምረው አስጨናቂው ነገር ከደረሰ ከሳምንት ገደማ በኋላ በመሆኑ፣ በገባችበት ዕለት ደህና የነበረችው ድመት በሁለተኛው ሳምንት ማስነጠስ ስትጀምር ጥፋቱ በጎረቤቷ ድመት ወይም በክፍሉ አየር ይላከካል። ድመት ስታስነጥስ የሚፈናጠረው ጠብታ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም፤ በሽታውን ከኬጅ ወደ ኬጅ የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ የእኛው እጅ፣ የእኛው ልብስና ሳይታጠብ የሚተላለፍ ሳህን ነው። የአየር ማናፈሻ መግጠም መልካም ነገር ቢሆንም፣ ብዙ ገንዘብ እዚያ ላይ አፍስሶ ኬጆቹን እንዳሉ መተው የበሽታውን ምንጭ ሳይነኩ ማለፍ ይመስለኛል።

ድመት የምትጨነቀው በምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ከተፈጥሮዋ ይነሳል። ድመት ከሁሉ በላይ በቦታዋ የምትኖር እንስሳ ናት፤ የምታውቀውን ጥግ በጉንጯ እያሻሸች የራሷን ሽታ ትቀባዋለች፣ ደህንነቷም ከዚያ ሽታ ጋር የተያያዘ ነው። መጠለያ ስትገባ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቋረጣል። ሽታው የሌሎች ነው፣ ከግድግዳው ባሻገር ውሻ ይጮኻል፣ ፊት ለፊቷ ሌላ ድመት አፍጥጣ ታያታለች፣ የምትሸሽበት ደግሞ የለም። ውሻ ሲጨነቅ ይጮኻል፣ ይንጎራደዳል፤ ድመት ግን ስትጨነቅ ዝም ትላለች፤ በዚህ የተነሳ በጣም የተሠቃየችው ድመት በዕለቱ መዝገብ ላይ «የተረጋጋች» ተብላ ትጻፋለች። ኬስለርና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት የድመት ጭንቀት መለኪያ ይህን ስህተት ለማረም ይጠቅማል፤ የሆዷን፣ የእግሮቿን፣ የጅራቷን፣ የጆሮዎቿንና የዓይኖቿን ሁኔታ እየተመለከተ፣ ፍጹም ከተዝናናች እስከ በሽብር የተዋጠች ድረስ በሰባት ደረጃ ይከፍላታል። በወረቀት ላይ የተዘጋጀ ስለሆነ ማንም ሠራተኛ ጥቂት ተለማምዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

ያለ መለኪያም የሚታይ አንድ ምልክት አለ። መሸሸጊያ በሌለው ኬጅ ውስጥ የገባች አዲስ ድመት ብዙ ጊዜ የምትገኘው በአሸዋ ሳጥኗ ውስጥ ነው። አራት እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባ፣ ጆሮዎቿን ወደ ጎን አጥፋ፣ የዓይኗ ብሌን በብርሃን ውስጥ እንኳ ሰፍቶ፣ ደረቷን ሽንቷ በነካው አሸዋ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች። ድመት ንጽሕናዋን የምትጠብቅ እንስሳ እንደሆነች ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳጥኑ ጠርዝ ስላለው ብቻ፣ ከኬጁ ውስጥ ጀርባዋን የሚሸፍንላት ሌላ ነገር ስለሌለ ብቻ፣ በራሷ ቆሻሻ ላይ መተኛትን መርጣለች። ይህን ያየ ሰው ስንፍና ወይም መጥፎ ጠባይ ነው ብሎ ከሳጥኑ ሊያስወጣት ሲሞክር ደግሞ ትነክሳለች፤ ከዚያ በኋላ ካርዷ ላይ «ቁጡ» የሚል ቃል ይሰፍርና ለወራት ይከተላታል።

መፍትሔው የካርቶን ሣጥን ነው። በኔዘርላንድስ የተካሄደና በ2014 የታተመ ጥናት አዲስ ገቢ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን መደበቂያ ሣጥን ሰጠ፤ ለሌላው ግን አልሰጠም፤ ሣጥን ያገኙት ከሌሎቹ ቀድመው፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ጭንቀታቸው ቀንሶ ታየ። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት ድመቶች ላይ ነው፤ ሆኖም ውጤቱ ከድመት ጋር የኖረ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ነገር ጋር ይስማማል። ከመጠለያ ኃላፊዎች ዘወትር የሚነሳው ተቃውሞ «የተደበቀችን ድመት ማን ወዶ ይወስዳታል?» የሚል ነው። መደበቂያ ያላት ድመት ግን ቶሎ ስለምትረጋጋ ቶሎ ትወጣለች፤ መደበቂያ የሌላት ደግሞ በኬጁ ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስለምትቀመጥ፣ ጎብኚው የሚያየው ጀርባዋን ነው። ሣጥኑን በጎን በኩል አዙሮ ማስቀመጥ፣ ከላዩም የምትወጣበት ጠፍጣፋ ነገር መጨመር ይበቃል፤ ድመት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆና ማየት ስትችል ፍርሃቷ ይቀንሳል። ካርቶኑ ሲቆሽሽ ይጣላል፤ ድመቷ ወደ አሳዳጊ ስትሄድም የራሷን ሽታ የያዘ ነገር ሆኖ አብሯት ሊሄድ ይችላል።

የኬጁ ስፋት ከካርቶኑ ይልቅ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሰውንም አስተሳሰብ መለወጥ ይጠይቃል። በብዙ ቦታ የሚታየው ኬጅ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሳህን፣ የአሸዋ ሳጥንና መኝታ ሲገቡ ድመቷ የምትበላው ከምትጸዳዳበት ጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ ይሆናል። የመጠለያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2010 ያወጣውና በ2022 ያሻሻለው መመሪያ በምግቡ፣ በመኝታውና በመጸዳጃው መካከል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ይመክራል፤ ጠባቡ ኬጅ ይህን በምንም መንገድ ሊያሟላ አይችልም። በ2018 በሰሜን አሜሪካ ባሉ ዘጠኝ መጠለያዎች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ፣ የኬጁ ወለል ከ0.75 ካሬ ሜትር በላይ ሲሆንና ድመቷ በመጀመሪያው ሳምንት ከኬጅ ወደ ኬጅ መዘዋወሯ ሲቀንስ፣ የመተንፈሻ አካል በሽታው እንደሚቀንስ አሳይቷል።

አዲስ ኬጅ መግዛት የማይችል መጠለያ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኬጆችን የሚለየውን ግድግዳ በክብ ቀድዶ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጥ በወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ሸፍኖ፣ ከሁለቱ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊሠራ ይችላል። በአንዱ ክፍል የአሸዋ ሳጥን፣ በሌላው ምግብና መኝታ ይቀመጣል። ሠራተኛው አንዱን ክፍል ሲያጸዳ ድመቷ በሌላው ትቆያለች፤ በየማለዳው በእጅ ተይዛ፣ ሌላ ድመት ወደነበረችበት ሣጥን ገብታ፣ ተመልሳ ሽታዋ የጠፋበት ኬጅ ውስጥ መወርወሯ ይቀራል። የቧንቧ ሠራተኛና መጋዝ ያለው መጠለያ ይህን በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፦ ሁለቱን ኬጅ አንድ ካደረግን የምንቀበላቸው ድመቶች በግማሽ አይቀንሱም ወይ?

ቆይታቸው ካጠረ አይቀንሱም፤ ይህን ለማሳየት የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል። በመጠለያው ውስጥ በማንኛውም ቀን የሚገኙት ድመቶች ብዛት በቀን የሚገቡት ቁጥር በአማካይ ቆይታቸው ሲባዛ የሚገኘው ነው። በቀን 4 ድመቶች የሚቀበል መጠለያ እያንዳንዷን 30 ቀን ቢያቆይ በአንድ ጊዜ 120 ድመቶች ይኖሩታል። ቆይታውን ወደ 15 ቀን ቢያወርደው 60 ይሆናሉ። በዓመቱ መጨረሻ የተቀበላቸው ድመቶች ቁጥር በሁለቱም መንገድ እኩል ነው፤ የአሳዳጊው ቁጥርም እንደዚያው። የተለወጠው በየቀኑ የሚጸዳው ኬጅ፣ የሚመገበው አፍ፣ የሚታከመው በሽተኛ ብቻ ነው። በዘርፉ «የመንከባከብ አቅም» የሚባለው አሠራር በዚህ ሒሳብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የመጠለያ ሕክምና መርሐ ግብርን የመሩት ኬት ኸርሊ በብዙ ቦታ እንዲታወቅ አድርገውታል። በእኔ አመለካከት፣ የመጠለያ ኃላፊ ከሚያውቃቸው ቁጥሮች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ አማካይ ቆይታ ሊሆን ይገባል፤ ብዙዎች ግን ስንት ኬጅ እንዳላቸው ይነግሩሃል እንጂ አንዲት ድመት ስንት ቀን እንደምትቆይ ሲጠየቁ መዝገብ ማገላበጥ ይጀምራሉ።

ቆይታን ማሳጠር ሲባል ድመትን አጣድፎ መስጠት ማለት አይደለም። ከቆይታው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አሳዳጊ መጠበቅ ሳይሆን እኛን መጠበቅ ነው። ድመቷ ሐኪሙ እስኪያያት ሦስት ቀን ትጠብቃለች፣ የማምከን ቀዶ ሕክምናው ቀን እስኪደርስ አንድ ሳምንት፣ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው እስኪመጣ ሌላ ጥቂት ቀናት፣ ወደ ጎብኚዎች ክፍል የሚያዘዋውራት ፊርማ እስኪፈረም ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ያልፋሉ። በዚህ መሐል ሄርፐሱ ይቀሰቀሳል፤ ድመቷ ታማ ወደ ለይቶ ማቆያ ትገባና ሁለት ሳምንት ይጨመርባታል፤ የእሷ መቆየት ክፍሉን ያጣብበዋል፤ መጣበቡ ሌሎችን ያስጨንቃል፤ የተጨነቁት ይታመማሉ። ይህን ለመበጠስ በየማለዳው አንድ ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ሠራተኛና አንድ ውሳኔ መስጠት የሚችል ሰው አብረው በየኬጁ ፊት እየቆሙ ስለ እያንዳንዷ ድመት «ዛሬ ምን ትጠብቃለች? ማን ነው የሚያደርገው? መቼ?» ብለው መጠየቅ አለባቸው። ዙሩ ከተለመደ በኋላ ለአንዲት ድመት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የድመቷን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው በአጠገቧ ሳይቆም በቢሮ ውስጥ በዝርዝር ብቻ የሚደረግ ስብሰባ ግን ይህን ሥራ አይተካም፤ በዝርዝሩ ላይ ምግቧን ለሁለት ቀን ያልነካችው ድመት ከጎረቤቷ ጋር አንድ ዓይነት መስመር ናት።

ስለ ምግብ ከተነሳ፣ ለብዙ ቀናት ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ለሞት በሚያበቃ በሽታ ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ሳህኑ ከመነሳቱ በፊት ምን ያህል እንደበላች በካርዷ ላይ መጻፍ አለበት።

ጽዳት ላይ ደግሞ የብዙ ትጉህ ሠራተኞች ትጋት ድመቶቹን ሲጎዳ ይታያል። ያው ድመት ባለችበት ኬጅ ውስጥ በየቀኑ ሁሉን ነገር አውጥቶ በፀረ ተዋስያን ማጠብ አያስፈልግም፤ በኬጁ ውስጥ ያለው ተዋስ የራሷ ነው፣ ሽታውም የሚያረጋጋት የራሷ ሽታ ነው። የቆሸሸው ቦታ ብቻ ይጠረግ፣ አሸዋው ይለወጥ፣ ብርድ ልብሷ ካልረጠበ በቦታው ይቆይ። ጠለቅ ያለው ጽዳት የሚያስፈልገው ኬጁ ወደ ሌላ ድመት ሲተላለፍ ነው፤ ያኔ ግን ቀልድ የለም። ካሊሲና ፓንሉኮፔኒያ (የነጭ ደም ሕዋሳትን የሚያጠፋ ገዳይ የድመት በሽታ) ቫይረሶች ማጽጃ በቀላሉ የሚያፈርሰው የስብ ሽፋን ስለሌላቸው፣ በብዙ መጠለያ የሚገኘው አሞኒየም የተባለው ዓይነት ማጽጃ በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድላቸውም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ምንም ቢል። ኬጁ በመጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ቆሻሻ ባለበት በረኪና አይሠራምና፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ በጥብጦ ለአሥር ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ በመጨረሻም ታጥቦ ይደርቃል። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። እንደ ፌኖል ያሉ ማጽጃዎች ለድመት መርዝ ስለሆኑ ከክፍሉ ጨርሶ ይውጡ። የሥራው ቅደም ተከተልም ከጤነኛ ግልገሎች ይጀምርና ጤነኛ አዋቂዎችን አዳርሶ በበሽተኞቹ ያበቃል፤ ከለይቶ ማቆያ ወጥቶ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ግልገሎቹ የሚመለስ ሰው የቀኑን ድካም ሁሉ ያፈርሰዋል።

ፓንሉኮፔኒያን በስም ካነሳሁ አይቀር፣ በመጠለያ ውስጥ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ቫይረሱ በአመቺ ሁኔታ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በአካባቢ ሊቆይ ይችላል፤ ያልተከተቡ ግልገሎችን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ደግነቱ ክትባቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሕያው ሆኖ የተዳከመው ክትባት በፍጥነት መከላከያ ስለሚሰጥ፣ ሁሉም ድመት በገባችበት ሰዓት፣ ከቦታዋ ሳትቀመጥ መከተብ አለባት። «ነገ ሐኪሙ ሲመጣ» ማለት አይበቃም፤ አንድ ቀን መዘግየት ከበሽታው ጋር የሚደረግ ሩጫ ላይ አንድ ቀን መሸነፍ ነው። ግልገሎች ከአራት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይከተባሉ፤ ከእናት የወረሱት መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ስለሚችልና መቼ እንደሚያልቅ ከውጭ ስለማይታወቅ፣ ክትባቱ እስከ 20 ሳምንት ድረስ ይደጋገማል።

ግልገሎች እንዲያውም መጠለያ ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል። ሰውን ለመልመድ የተመቸው ዕድሜያቸው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ያለው አጭር ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በኬጅ ውስጥ በጓንት እጅ ብቻ እየተነኩ ካሳለፉት በኋላ የሚካስ አይደለም። እናት የሌላቸው ጨቅላዎች በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጡጦ ይፈልጋሉ፤ ሌሊት ሠራተኛ የሌለው መጠለያ ይህን ማድረግ አይችልም። ጊዜያዊ አሳዳጊዎችን አስቀድሞ መመዝገብ፣ ወተቱን፣ ጡጦውንና ሚዛኑን በአንድ ዘንቢል አዘጋጅቶ ማቆየት፣ በሌሊት የሚደወልበት ስልክ መስጠት ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ሁለት ወር ሞልቷቸው ክብደታቸው አንድ ኪሎ ሲደርስ መምከንም ይችላሉ።

ሌላው በመጠለያ ሊገቡ የማይገባቸው ድመቶች ሰው ያልለመዱት የውጭ ድመቶች ናቸው። በደጅ ጤነኛ ሆና የኖረች፣ ሰውን የማትቀርብ ድመት በኬጅ ስትታሰር ስቃይዋ ከሁሉ የበዛ ነው፤ አሳዳጊም አታገኝም። በወጥመድ ተይዛ፣ መክና፣ ተከትባ፣ እንድትታወቅ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጦ ወደነበረችበት ብትመለስ፣ ለእሷም ለክፍሉም ይበጃል። በ2014 በአሜሪካ የተጀመረውና አንድ ሚሊዮን ድመቶችን ለማትረፍ ያቀደው ዘመቻ ከአምስቱ ምሰሶዎቹ አንዱ ያደረገው ይህንኑ ነው። በአካባቢ ያሉ አእዋፍንና ሌሎች እንስሳትን በተመለከተ የሚነሳው ስጋት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ነገር ግን ጥቂት ድመቶችን በኬጅ ማጨቅ ለዚያም ችግር መልስ ሲሆን አላየሁም።

አያያዝን በተመለከተ በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ አንዲት ድመት በተቻለ መጠን በአንድ ሰው ብትያዝ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ብትመገብ፣ ማጅራቷ ተጨምድዶ ሳይሆን በፎጣ ተጠቅልላ ብትነሳ ለውጡ ቶሎ ይታያል። ፊት ለፊት አፍጥጦ ከማየት ይልቅ ጎን ብሎ ቁጭ ማለትና ዓይንን ቀስ አድርጎ መክደን ይጠቅማል፤ በ2020 የታተመ ጥናት ድመቶች ዓይኑን በዝግታ ወደሚከድን እንግዳ ሰው ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይቷል።

የቀረው የአሳዳጊው በር ነው። አንዳንድ መጠለያ ቆይታውን ለማሳጠር ይህን ሁሉ ደክሞ ሳለ፣ ድመት ሊወስድ የመጣን ሰው ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቤት ኪራይ ውሉና ስለ ቀድሞ እንስሳቱ ገጽ በገጽ ቅጽ አስሞልቶ ያባርረዋል። ከቅጽ ይልቅ ጭውውት ይሻላል፦ ቤቱ ውስጥ ማን አለ፣ ቀኑን ማን ይውላል፣ ምን ዓይነት ድመት ይፈልጋል? ከዚያ የምትስማማውን ማሳየት ነው። የማይስማሙ ከሆነና ድመቷ ብትመለስ ሰውየውን መውቀስ ዋጋ የለውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ላይ ጥሏት እንዲሄድ ማስተማር ነው። ይልቅስ ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ይገባል፤ ከሕፃናት ጋር እንዴት ነበረች፣ ውሻ ስታይ ምን አደረገች፣ ሌሊት የት ትተኛ ነበር? በኬጅ ውስጥ በወራት የማናገኘውን መረጃ ይዞ መጥቷልና፣ መልሱ በዚያው ሰዓት በካርዷ ላይ ይጻፋል፤ «ቁጡ» የሚለው ቃል ካለም አብሮ ይሰረዛል።